ያልዘመመው ምሰሶ

ቦምብ ጣዮቹ ዞረው ከሄዱ በኋላ በሜዳው ላይ የሚንቀሳቀሰው ዳምጠው የሚሉት የመሬት መዳመጫ መኪና ብቻ ነበር። ከባዱ የብረት ጎማ ቀዩን ጭቃ እየደፈጠጠ፣ ሞተሩ እያጉረመረመ፣ ወደ ጫካው ጠርዝ በዝግታ ያዘግማል። መሪው ላይ ሰው ተደፍቷል።

"ባለ ዳምጠው" እያሉ የሚጠሩት ወጣት ከኮረብታው ቁልቁል ሲሮጥ ከሩቅ ያየው ይህን ነው። የሚነድደውን የነዳጅ በርሜል አለፈ። የተቆረጠ እጁን ታቅፎ የሚጮኸውን ድንጋይ ፈላጭ አለፈ። አንድ ጫማው ጭቃው ውስጥ ቀረ። ዳምጠው ላይ ዘሎ ወጣና ሞተሩን አጠፋ፤ ከዚያ የተደፋውን ሰው ትከሻ ይዞ ቀና አደረገው። ታናሽ ወንድሙ ነው። ፍንጣሪው አንገቱን ቦድሶታል። ሸሚዙ እስከ ቀበቶው በደም ርሷል። አፉ አንድ ነገር ሊጠይቅ እንደፈለገ ሰው ገርበብ ብሏል።

"ተነስ" አለው። "ተነስ እንጂ አንተ! መጥቻለሁ እኮ፤ ቦታዬን ልቀቅልኝ!"

የሠራተኞቹ አለቃ፣ ሁሉም "ካቦ" የሚሉት ጠንካራ ሽማግሌ፣ አካፋውን ወርውሮ መጣና ከኋላው ጥርቅም አድርጎ አቀፈው።

"በቃ ልጄ... በቃ። እሱ አርፏል።"

"የኔ ቦታ ላይ እኮ ነው ካቦ! እኔ ነኝ እዚህ መቀመጥ የነበረብኝ!"

ይህን እንዳለ ድንገት ቀና ብሎ ኮረብታውን አየ። ከራዲዮ ማዳመጫ ጣቢያው ደጃፍ አንዲት ልጅ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጭና ቆማለች። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ በዓለም ላይ እንደ እሷ የሚወደው ሰው አልነበረም።

*

እሷ የጣቢያው አዛዥ የኮሎኔሉ ልጅ ናት። ይህን ሜዳ ጦርነቱ ነው የወለደው። ጫካው ተመንጥሮ፣ ረግረጉ በድንጋይ ተሞልቶ፣ ጥይት የሚያመጡና ቁስለኛ የሚወስዱ አውሮፕላኖች እንዲያርፉበት ተሠራ። ጠላት ይደበድበዋል፤ እነካቦ ጉድጓዱን በድንጋይና በገረጋንቲ ይሞላሉ፤ ዳምጠው ይዳምጠዋል፤ ጠላት እንደገና ይደበድበዋል። ኮረብታው ላይ ያለችው የእንጨት ቤት ግን ሌላ ዓለም ናት። እዚያ ጭቃ አይገባም። የተማሩ ሰዎች ጆሯቸው ላይ ማዳመጫ ደፍተው የጠላትን ራዲዮ ሲጠልፉ ይውላሉ። ከመካከላቸው የኮሎኔሉን ልጅ የሚያህል ጆሮ ያለው የለም፤ የጠላትን ሰዎች በሳላቸው ሳይቀር ትለያቸዋለች።

እንዲህ ያለች ልጅና ዳምጠው ነጂ የት ተገናኙ? ዐውሎ ነፋስ የአንቴናውን ምሰሶ ባዘመመ ጊዜ እንዲያቃናው ተልኮ ነበር። አቃናው። ሲጨርስ ውሃ ሰጠችው። በቃ፣ ይኸው ነው። ከዚያ ወዲህ ፈረቃዋ ሲያልቅ ደጃፍ ትወጣለች፤ እሱ ዳምጠውን ያቆምና ፊቱን ይጠርጋል፤ ይተያያሉ። "ምነው፣ ሞተሩ ጋለ እንዴ?" እያሉ ሠራተኞቹ ይቀልዱበታል። "የጋለውስ ሌላ ነው" ይላል ካቦ።

ወንድሙ የሞተ ዕለት ግን ያለ ሰዓቷ ወጣች። "ምሰሶው ዘመመብን!" ብላ ጮኸችና በእጇ ጠራችው። መሪውን ለወንድሙ ሰጠ። "እስክመለስ ያዝልኝ፤ እንዳትፈጥን ደግሞ" ብሎ ቀለደበት። ዳምጠው መቼ ፈጥኖ ያውቃል! ኮረብታው ላይ ሲደርስ ምሰሶው ቀጥ ብሎ ቆሟል።

"ናፍቄሽ ነው አይደል?" አላት እየሳቀ።

አልሳቀችም። ከንፈሯ ኩበት መስሎ ደርቆ ነበር። እጅጌውን ጨብጣ ወደ ውስጥ ስትስበው ሳይረኑ ጮኸ። ሳይረኑና ቦምቡ አንድ ላይ ነበሩ። እሱ ግን የያዘችው እጅጌው ላይ ከሳይረኑ የቀደመውን የጣቶቿን መንቀጥቀጥ እስካሁን ይሰማዋል፤ የሚያንገበግበውም ያ ነው።

*

ወንድሙን በቀበረ ማግስት ከጣቢያው ጓሮ፣ የውሃው በርሜል አጠገብ ጠብቆ አገኛት። የቀብሩ አፈር ገና ጥፍሩ ውስጥ ነበር።

"ምሰሶው አልዘመመም ነበር" አላት።

ዝም አለች።

"እንደሚመጡ ታውቂ ነበር። አላውቅም ነበር በይኝ። እባክሽ፣ አላውቅም ነበር በይኝና ልመንሽ።"

ምን ትበለው? ጣቢያው ውስጥ የተሰማ ነገር ከበሩ እንዳይወጣ ሁሉም ምለው ነው የገቡት። እውነቱ እንዲህ ነው። ጠላት ሰፈር አውሮፕላኖቹ ከመነሳታቸው በፊት ራዲዮ የሚፈትሽ ሰው አለ። ሲፈትሽ ያፏጫል፤ አንድ ዜማ ነው፣ ሁልጊዜ ያው ዜማ። ይህን መጀመሪያ ያስተዋለችው እሷ ናት፤ "ፉጨተኛው" ብላ ስም ያወጣችለትም እሷው። ፉጨተኛው ካፏጨ ሞት መንገድ ጀምሯል ማለት ነው። ሳይረኑ ግን ማማው ላይ ያለው ቃኚ አውሮፕላኖቹን በዓይኑ ካላየ አይዘወርም። የኮሎኔሉ ትእዛዝ ነው። የሜዳው ሰው ቀድሞ ከተደናገጠ፣ ጠላት "ይሰሙናል ማለት ነው" ብሎ ይነቃል፤ ሞገዱን ይቀይራል፤ ጣቢያውም ይደነቁራል።

"እኔን ብቻ ጠራሽ" አላት። "ካቦን ትተሽ፣ ያን ሁሉ ሰው ትተሽ። ወንድሜን ትተሽ!"

"እሱ ይቀመጥበታል ብዬ አላሰብኩም!" ቃሉ ካፏ አመለጣት። "አቁመኸው የምትመጣ መስሎኝ ነበር... አቁመኸው..."

"አየሽ? ታውቂ ነበር።"

ደንግጣ አፏን ያዘች። እሱ ግን ያሸነፈ ሰው አይመስልም ነበር፤ እንዲያውም እዚያው የሚወድቅ ይመስል ነበር።

"ስሚኝ" አላት። "ከእንግዲህ ብትጠሪኝ አልመጣም። ምሰሶው ቢወድቅ፣ ቤቱ ቢቃጠል፣ አንቺ ብትሞቺ አልመጣም። የወንድሜን ዕድሜ አምጥተሽ ሰጠሽኝ። እንዴት ልኑርበት? ንገሪኝ እስቲ፣ እንዴት ልኑርበት?"

መልስ ሳይጠብቅ ወረደ። እሷ ከበርሜሉ ሥር ቁጭ ብላ ቀረች። እንዲወዳት እንኳ አልነበረም የፈለገችው፤ እንዲኖርላት ነበር። አሁን ፉጨተኛው ሲያፏጭ ብትጠራው አይመጣም።

*

"አባባ፣ ሳይረኑ ትንሽ ቢቀድም ምን አለበት?"

ኮሎኔሉ ቆርቆሮ ክዳን ባላት ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ካርታ ዘርግቶ ተቀምጧል። ዝናቡ ከላይ ይደበድባል። ቀና አላለም።

"ከወንዙ ማዶ ያለው ጦር በሕይወት ያለው ይህ ጣቢያ ስለሚሰማ ነው። መቼ እንደሚመቱት፣ በየት በኩል እንደሚመጡበት የምንነግረው እኛ ነን። አንድ ቀን ሳይረን ብናስቀድም ሜዳውን አድነን ጦሩን በሙሉ እንቀብራለን።"

"የሜዳው ሰዎችስ?"

"የሜዳው ሰዎች ያሳዝኑኛል" አለ። ማዘኑም የማስመሰል አልነበረም፤ ዓይኑ ሥር ጠቁሯል። ቀጥሎ ግን ድምፁ ተለወጠ። "ምሰሶ ዘመመ ብለሽ ማንን እንደጠራሽ ሰምቻለሁ። ሌላ ሰው ብትሆኚ ዛሬ ታስረሽ ነበር። ያውም ለማን ብለሽ? ለዳምጠው ነጂ! ያን ሁሉ ዘመን ያስተማርኩሽ እስከ ጉልበቱ በጭቃ ለሚንቦጫረቅ ሰው ነው?"

"ጭቃ በውሃ ይለቃል አባባ።"

"ምን አልሽ?"

"የእሱ ጭቃ በውሃ ይለቃል። እኔ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ እጄን ስታጠብ እውላለሁ፤ አልለቀቀኝም።"

ኮሎኔሉ እርሳሱን አስቀመጠ። "ሁለተኛ እንዲህ ብታደርጊ" አላት ዝግ ብሎ፣ "አባትሽ መሆኔን እረሳለሁ።"

ጨካኝ ሰው ቢሆን ጠልታው ትገላገል ነበር። የከፋት፣ ያስለቀሳትም፣ እውነቱን መሆኑ ነው።

*

ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ቦግ ባለችበት ረፋድ ፉጨተኛው አፏጨ።

እጇን ለምልክት አነሳች። ኮሎኔሉ ከኋላዋ ቆሟል። አጠገቧ የተቀመጠው አድማጭ፣ "መነጽሩ" የሚሉት ልጅ፣ ፊቱ አመድ መሰለ፤ በመስኮቱ ሜዳው ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከሰዓት በኋላ ቁስለኛ የሚወስድ አውሮፕላን ስለሚያርፍ ሠራተኛው ሁሉ ሜዳው ላይ ፈሷል። ዳምጠውም መሃል ላይ ነው።

"ማማውን ጠብቁ" አለ ኮሎኔሉ።

ማዳመጫዋን አወለቀችና ጠረጴዛው ላይ በቀስታ አኖረችው።

"ወዴት ነው?"

"ሜዳ።"

"ቁጭ በይ!"

"አንድም ቃል አልናገርም አባባ። መሐላዬን አልሰብርም። እዚያ መሆን ግን እችላለሁ።"

ወጣች። ክንዷን ሊይዝ እጁን ዘረጋ፤ አልደረሰባትም፣ ወይም ሊደርስባት አልፈለገም። እሷ አልሮጠችም። ብትሮጥ ሰዉ ይደናገጣል። ልቧ ደረቷን ሊሰብረው እየደረሰ፣ ገበያ እንደምትሄድ ሴት ተረጋግታ ቁልቁለቱን ወረደች።

ሠራተኞቹ ሲያዩዋት አካፋቸውን አቁመው አፈጠጡ። የኮሎኔሉ ልጅ በንጹሕ ጫማዋ ጭቃው ውስጥ! ባለ ዳምጠው አያትና ፊቱን አዞረ። እሷ ግን መርገጫውን ረግጣ ወጣችና አጠገቡ፣ ከጎማው በላይ ባለው ብረት ላይ ተቀመጠች።

"ውረጂ።"

"አልወርድም።"

"ብትጠሪኝ አልመጣም ስላልኩሽ ነው የመጣሽው?"

"አዎ።"

"ምን ፈልገሽ ነው?"

"ምንም። እዚህ መሆን ፈለግኩ፣ ካንተ ጋር።"

ሊሰድባት ዞረ። ከንፈሯን አየው፤ ደርቋል። ዓይኗ ከጫካው በላይ ወዳለው ሰማይ ይሄድና ወደ እሱ ይመለሳል። እጁ መሪው ላይ ደረቀ።

"እየመጡ ነው?"

ዝም አለች። ያው፣ በርሜሉ አጠገብ የጠላው ዝምታ ነው። ያን ጊዜ ዝምታዋ ከኮረብታው ላይ የሚመጣ መስሎት ነበር። አሁን ግን እዚሁ ናት፤ ቦምቡ ሲወርድ እሷም ላይ ይወርዳል። መናገር የማትችለውን ነገር በነፍሷ ልትነግረው እንደመጣች ገባው፤ ገብቶትም ዓይኑ እንባ ሞላ።

"ውረጂና ሩጪ!"

"እነሱ ሁሉ ካልገቡ አልሄድም።"

ሞተሩን አጥፍቶ ዘለለ። ምን ብሎ ይጩኽ? አውሮፕላን መጣ ቢል የነገረችው እሷ መሆኗ ነው። ከሜዳው ዳር ድንጋይ የሚፈለጥበት ገደል አለ። ድማሚት በሚፈነዳ ጊዜ ሁሉም መሣሪያውን እዚያው እየጣለ ምሽግ ይገባል፤ የየቀኑ ሥራ ነው፤ ከላይ የሚያይ ጠላትም ሲያየው የኖረው ነገር ነው።

"ካቦ!" አለ። "ድማሚት!"

ካቦው ግንባሩን ቋጠረ። ዛሬ ድማሚት እንደሌለ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ሳጥኑ ባዶ ነው። በልጁ ላይ አፉን ሊከፍት ሲል ዳምጠው ላይ የተቀመጠችውን ልጅ አየ። እንደገና ባለ ዳምጠውን አየ።

"ድማሚት!" ብሎ ያን የሻከረ ድምፁን ለቀቀው። "ድማሚት ነው፣ ጥላችሁ ግቡ! አንተ ዘገምተኛ፣ ጋብዤህ ነው እንዴ የምትኩራራው? ግባ!"

"ምሳ ሳንበላ ደግሞ ምን ድማሚት ነው!" እያሉ፣ እያጉረመረሙ፣ እንደወትሯቸው ተጎትተው ገቡ። አንዱም አልሮጠ፣ አንዱም ሰማይ አላየ።

ከዚያ ድምፁ መጣ። ሳይረኑ መጮህ ጀመረ፤ ቦምብ ጣዮቹ የዛፎቹን ጫፍ እየላጩ ብቅ አሉ። ባለ ዳምጠው ልጅቱን ወገቧን ይዞ ከብረቱ ላይ ነጠቃትና ምሽጉ ውስጥ ወረወራት፤ ራሱም ላይዋ ላይ ወደቀ። መሬቱ ከሥራቸው ተነስቶ መታቸው። አፈርና ድንጋይ ዘነበ። ከነሥሩ የተነቀለ ዛፍ ሜዳው መሃል ተተከለ። አንድ ሰው ምሽጉ አፍ ላይ ሆኖ እናቱን ጠራ፤ ቀጣዩ ፍንዳታ ድምፁን ይዞት ሄደ። እሷ ፊቷን ደረቱ ውስጥ ቀብራ የልቡን ምት ብቻ አዳመጠች። ያን ሁሉ ዓመት ስታዳምጥ ኖራ፣ እንዲያ ጨንቋት ያዳመጠችው ድምፅ አልነበረም።

ሲያባራ እናቱን የጠራው ሰው፣ የሠራተኞቹ ውሃ አመላላሽ፣ ምሽጉ አፍ ላይ ሞቶ ተገኘ። አጠገቡ ካቦ ተዘርሯል፤ ሰዎቹን እየገፋ ሲያስገባ የመጨረሻው እሱ ነበር። ከጉልበቱ በታች ያለው እግር በቆዳ ብቻ ተንጠልጥሏል። ልጅቱ ተንበረከከችና ደሙ የሚፈስበትን ቦታ በሁለት እጇ አነቀችው። ባለ ዳምጠው ቀበቶውን ፈትቶ ከላይ አጥብቆ አሰረ። ደሙ በጣቶቻቸው መካከል ይሞቃል።

"አልተናገርሽም" አላት፣ ከቀበቶው ላይ ዓይኑን ሳያነሳ።

"አልተናገርኩም።"

"ወንድሜን አልረሳውም።"

"አትርሳው። ብትረሳው ራሴ እጠላሃለሁ።"

"አንቺን ልጠላሽ ሞከርኩ።" ቀበቶውን ይበልጥ ሳበው። "ሌት ተቀን ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም።"

"እናንተ ልጆች" አለ ካቦ ጥርሱን ነክሶ፣ "መጀመሪያ እግሬን እሰሩ፤ ሌላው ይደርሳል።" ሳቋና ልቅሶዋ አንድ ላይ ወጣ።

*

መነጽሩ እየሮጠ ወርዶ በጆሮዋ አንሾካሾከላት። ፉጨተኛው አውሮፕላኖቹ ሲመለሱ በዚያው ሞገድ ላይ ሲያፏጭ ተሰምቷል። አልነቁም። "አባትሽ ደግሞ" አለ፣ "ከወጣሽ ጀምሮ እጁ የሳይረኑ እጀታ ላይ ነበር። ከንፈሩን ነክሶ አደማው። ቃኚው እስኪጮህ ግን አልዘወረውም።" ልታዝንለት ይሁን ልትጠላው ጨነቃት፤ ሁለቱንም ቻለችው።

ኮሎኔሉ ወታደር አስከትሎ መጣ። እጇን አየ፤ እስከ ክርኗ ደም ነው። "ቆስለሻል?" አለ።

"የእኔ ደም አይደለም።"

ዓይኑን ጨፍኖ ገለጠ። ከዚያ ሁሉም እንዲሰማው ጮክ ብሎ ተናገረ። "ሥራዋን ጥላ ወጥታለች። ከቁስለኞቹ ጋር በሚመጣው አውሮፕላን ትሄዳለች። ፍርዷን እዚያ ታገኛለች።"

ሜዳው ግን ተቦዳድሷል። ካልተሞላና ካልተዳመጠ አውሮፕላን አያርፍም። የሁሉም ዓይን ባለ ዳምጠው ላይ ዐረፈ። ዳምጠው ደግሞ ብረት ነው፤ ጭረት ብቻ ይዞ ቆሟል። ሞተሩ አልነሳም አለ ቢል ማን ያውቅበታል? ጉዞው አንድ ቀን ያድር ነበር፤ እሷም አብራ ታድር ነበር። ካቦ ቃሬዛው ላይ ከንፈሩ ነጥቷል፤ ማደር አይችልም።

ወጣና ሞተሩን አስነሳ። ሠራተኞቹ በቆሰለ እጃቸው ድንጋይ እያጋዙ፣ ገረጋንቲ እየበተኑ፣ እሱ ከኋላ ከኋላቸው ዳመጠ። ያ ዳምጠው እንዲያ ሲፈጥን ያየ የለም። እሷ በወታደር ተጠብቃ ዳር ላይ ቆማለች። ወደ እሷ በተጠጋ ቁጥር ይተያያሉ፤ በመጣ በሄደ ቁጥር መሄጃዋን እያቃረበ እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ።

አውሮፕላኑ ሲያርፍ በጭቃ ተለውሶ ኮሎኔሉ ፊት ቆመ።

"ሜዳው ደርሷል ጌታዬ።"

"ጥሩ።"

"ሌላም አለኝ። ልጅዎን ይስጡኝ ልል ነው። የሚጠይቅልኝ ሰው የለኝም፤ ወንድሜን ቀብሬያለሁ።"

"እኔስ ሞቻለሁ እንዴ?" አለ ካቦ ከቃሬዛው ላይ። "እኔ ነኝ የምጠይቅለት!"

እሷ ወታደሩን ገፋ አድርጋ መጣች።

"እኔን ነው መጠየቅ ያለብህ።"

"ታገቢኛለሽ?"

"አገባሃለሁ። ካልፈቱኝስ?"

"የሚወስዱሽ ቦታ አውሮፕላን የሚያርፍበት ሜዳ አለው አይደል?" አላት። "ሜዳ ካለ ዳምጠው ነጂ አያጡትም። እመጣለሁ።"

ሳማት። አባቷ ፊቱን ወደ ጫካው አዞረ፤ ትከሻው ብቻ ይታይ ነበር።

አውሮፕላኑ ውስጥ ከካቦ ቃሬዛ አጠገብ ተቀምጣ እጁን ያዘች። ሞተሩ አገሳ፤ ጎማዎቹ መሮጥ ጀመሩ። ያን ሁሉ ጉድጓድ በዓይኗ አይታዋለች፤ ምነው አንድ ቦታ እንኳ ቢያንገጫግጨን፣ ምነው ትንሽ ቢይዘን ብላ ተመኘች። ሜዳው ግን ከዳር እስከ ዳር ልስልስ ያለ ነበር። እንዲህ አድርጎ የሠራው እሷን አሳልፎ ለመስጠት መሆኑን እያሰበች፣ እየተናደደችበት፣ ከመቼውም በላይ እየወደደችው፣ ግንባሯን የሽማግሌው እጅ ላይ ደፍታ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።